የመርከቧ ሦስተኛ ዙር

ጌዲዮንን መርከቧ ላይ ያወጣው ማን ነው? ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። የባዛሩ ኮሚቴ መድረክ መሪውን ዚያድን ይወቅሳል። ዚያድ ደግሞ «ሕዝቡ እኮ አጨበጨበ!» ይላል። የጌዲዮን እናት ወይዘሮ አሰለፈች ቅዱስ ገብርኤል ራሱ እጁን ይዞ እንዳወጣው ለሰማ ሁሉ ይናገራሉ። ጌዲዮን ግን አንካራ ድረስ ሄዶ ስለ ፍርሃት ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የገዛ እግሩን ምን እንዳንቀሳቀሰው ሊያውቅ አልቻለም።

የሰፈሩ የገና ባዛር በየዓመቱ ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ይተከላል። ዘንድሮ ከብርድ ልብስ ነጋዴዎቹና ከማር ሻጮቹ ጎን አንዲት መርከብ መጣች፤ በሁለት የብረት ምሰሶዎች መካከል ተንጠልጥላ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ፣ አፍንጫዋ ላይ ዘንዶ የተሳለባት ቀይ መርከብ። ባለቤቷ ጋሽ ሰቦቃ ናቸው። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት መሬቱ የእርሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ማሳው ኮንዶሚኒየም ሲሆን በካሳው ሚኒባስ እንዲገዙ ያልመከራቸው ዘመድ የለም። «ሚኒባስ ሰውን ወደ ሥራ ነው የሚወስደው፤ ማን ደስ ብሎት ይሳፈራል?» አሉና ባሕር አይተው ሳያውቁ ባለ መርከብ ሆኑ።

ቱሉ ዲምቱ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ፌኔት የእርሳቸው ልጅ ናት። ከጌዲዮን ጋር ከተዋደዱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህን ግን አባቷ አያውቁም። እናም ለባዛሩ ቀን ቀጠሮ ሰጥታው ነበር።

«ሽማግሌው ይደርሳል» አለችው። «መጀመሪያ አባቴ ፊት አንተ ራስህ ቆመህ ትናገራለህ። የሰው ዓይን ሳያይ የሚያምን ሰው አይደለም።»

«እሺ» አለ ጌዲዮን።

በዚያው ሳምንት አንካራ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከየካቲት ጀምሮ ሊቀጥረው እንደሚፈልግ ጽፎለት ነበር። ለእርሱም «እሺ» ብሎ መለሰ። ይህን ደግሞ ፌኔት አታውቅም። ጌዲዮን ውሸታም ሆኖ አይደለም። አንካራ ሳለ የሚበጀው አገር ቤት ይመስለው ነበር፤ አገር ቤት ከገባ ወዲህ ደግሞ የሚበጀው አንካራ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለሁሉም እሺ ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም።

የባዛሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ካሳሁን ምሁር ያልተናገረበት ባዛር ባዛር አይመስላቸውምና ጌዲዮንን የመክፈቻ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። «ፍርሃትን በጋራ ተጋፍጠን ወደ ላቀ ከፍታ!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ዚያድ ትንሽዬ ማይክ ኮሌታው ላይ ሰካለት። ጌዲዮንም ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ፍርሃት ሲሸሹት እንደሚከተል፣ ሲጋፈጡት ግን እንደሚቀልጥ አስረዳ። ንግግሩ አጭር ስለነበር ሕዝቡ ከልቡ አጨበጨበ።

ዚያድ ጭብጨባ ከሰማ የሚይዘው የለም።

«ክቡራትና ክቡራን! ምሁራችን በቃል ብቻ አይቀሩም! አሁን በተግባር ያሳዩናል! ወደ መርከቧ!»

ጌዲዮን አራተኛ ፎቅ እየኖረ በረንዳው ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ የታጠበ ልብሱን ሳሎን ውስጥ የሚያሰጣ ሰው ነው። ሰውነቱን ላብ አጠመቀው።

«አይ፣ እኔ እንኳ... ሱፍ ለብሼ...»

«ሱፉ ምን አለበት? እኔ ጋቢ ለብሼ አይደል የምነዳት!» አሉ ጋሽ ሰቦቃ፣ ከመዘውሩ አጠገብ ቆመው።

ፌኔት ክንዱን ያዘች። «ና፣ አብረን እንቀመጣለን» አለችው በጆሮው። «ስንወርድ ትነግረዋለህ።»

ወጣ። እንዴት እንደወጣ አያውቅም።

የመጀመሪያው ዙር ቀላል ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ አለፈው። ለበሽተኞች የተማረውን የአተነፋፈስ ዘዴ በቱርክኛ ለራሱ እየነገረ፣ የፌኔትን ጣቶች እንደ ሎሚ እየጨመቀ። መርከቧ ስትቆም ከሞት የተረፈ ሰው መስሎ ብድግ አለ። የጋሽ ሰቦቃ ሰፊ መዳፍ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ወዴት ነው?»

«ጨረስን መሰለኝ ጋሽ ሰቦቃ።»

«አንድማ ያጣላል! እንግዳን በአንድ ዙር እሸኛለሁ? ይቺ ከጉርሻ በምን ታንሳለች?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ እርስዎ አይሙቱ፣ ግን...»

«በሞቴ ብያለሁ!»

አንካራ ስድስት ዓመት ሲኖር አንድም ሰው በሞቴ ብሎት አያውቅም። መድኃኒቱን አልተማረም። የወደፊት አማቱ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ የሚፈራቸው ሰው በሞታቸው ሲለምኑት ምን ይበል? ተቀመጠ። ጋሽ ሰቦቃም ለክብር እንግዳ እንደሚገባ መዘውሩን ከወትሮው አብልጠው ገፉት።

መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ጌዲዮን የፌኔትን እጅ ይበልጥ ጨመቀ። ቱርክኛው ጠፋው። ትምህርቱ ጠፋው። ሃይማኖት የፍርሃት ልጅ ናት እያለ እናቱን ሲያስለቅስ የኖረው ሰው ድንገት አፉ ተከፈተ፤

«ቅዱስ ገብርኤል! የእናቴ ገብርኤል! አውርደኝ! ጃንጥላ አስገባልሃለሁ! የወርቅ ዘርፍ ያለው! በየካቲት አንካራ ሥራ እጀምራለሁ፣ እሺ ብያቸዋለሁ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን እንዳለ ላንተ እሰጣለሁ! አውርደኝ ብቻ!»

ያልተማረ ሰው ጃንጥላውን ብቻ ተስሎ ዝም ይላል። የተማረ ሰው ግን ማስረጃ ካላቀረበ መልአክም የሚያምነው አይመስለውም። ኮሌታው ላይ የቀረችው ማይክ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ተቀብላ በዚያድ ሞንታርቦዎች በሜዳው፣ በብሎኮቹና እስከ አስፋልቱ ድረስ ረጨችው።

ታች ወይዘሮ አሰለፈች እልልታቸውን አቀለጡት። «እልልልል! ልጄ ገብርኤልን ጠራ! ልጄ ተመለሰልኝ!» እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። «አንካራ?»

«ቪዛውን እንዴት አገኘው?» አለ አንድ ብርድ ልብስ ሻጭ።

መርከቧ ረገበች። ፌኔት ጣቶቿን ከጌዲዮን እጅ አንድ በአንድ አወጣች።

«መቼ ነው እሺ ያልካቸው?»

«ፌኔት፣ እንነጋገራለን። አሁን ሰው ፊት...»

እንነጋገራለን የሚለው ቃል ከሞንታርቦው ሜዳውን ዞሮ ተመለሰ።

«ማይክህ ክፍት ነው» አለችው።

ከኮሌታው ላይ ነቅሎ አጠፋትና ኪሱ ከተታት። ሕዝቡ «ውይ!» አለ፣ ጥሩ ክፍሉ ላይ ድራማ እንደተቋረጠበት።

ከሜዳው ሰው ሁሉ ምንም ያልገባቸው ጋሽ ሰቦቃ ብቻ ነበሩ። «አንካራ ልትሄድ ነው? ጎሽ የኔ አንበሳ! እንግዲያ ሦስተኛው የመሸኛህ ነው!»

«አባ፣ በቃ» አለች ፌኔት።

«ምን በቃ? ሁለት ያቃቅራል። እዚህ ላይ ካቆምኩት ተቃቅራችሁ ልትወርዱ ነው። ሦስተኛው ነው የሚያፋቅረው፣ ልጄ።»

መዘውሩን ገፉት።

በሦስተኛው ዙር ጌዲዮን ዓይኑን ገልጦ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን፣ የደብረ ዘይትን መንገድ የሞሉትን ከባድ መኪኖች፣ ከፋብሪካዎቹ ወዲያ ያለውን የደረቀ ሜዳ አየ። ልቡ በቦታው ነበር። የከፍታ ፍርሃቱ ለቆታል። ዘዴው በእርግጥ ይሠራል ማለት ነው፤ ኮሌጅ ለሚያስተምራቸው ልጆች ምሳሌ ላደርገው እችላለሁ ብሎ አሰበ። ወዲያው በሐሳቡ አፈረ። ፌኔት ፊት ለፊቷን እያየች ነበር፤ ፀጉሯ ወደ ላይ ሲወጡ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ ሲወርዱ ይገልጠዋል።

«ልነግርሽ ነበር» አላት።

«ለኔ አትንገረኝ። ትቀር እንደሆነ ለአባቴ ንገረው፣ ትሄድም እንደሆነ ለአባቴ ንገረው። ታች ቆሟል።»

መርከቧ ቆመች። ጋሽ ሰቦቃ ብረቱን አነሱላቸው፤ ጌዲዮንን እጁን ይዘው አወረዱትና፣ እጁን ሳይለቁ፣

«የምትነግረኝ ነገር እንዳለህ ፌኔት ነግራኛለች» አሉት። «ይኸው ጆሮዬ። ምንድነው ልጄ?»

የቆመው ደልዳላ መሬት ላይ ነው። ጋሽ ሰቦቃ ዓይኑን እያዩት ነው። ከጀርባው የፌኔት ትንፋሽ ይሰማዋል። ጌዲዮን ዓይኑን መጨፈን ቃጣው፤ መርከቧ ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

«መርከቧ...» አለ። «መርከቧ ጥሩ መርከብ ናት ጋሽ ሰቦቃ።»

«እሱንማ አውቃለሁ!» ብለው ሳቁና ለቀጣዮቹ ተሳፋሪዎች ፊታቸውን አዞሩ።

ጌዲዮን ሲዞር ፌኔት ከብርድ ልብሶቹ መደዳ አልፋ ሄዳለች። ሊከተላት ሲል እናቱ ከአቶ ካሳሁን ጋር መንገዱ ላይ ቆመው አገኛቸው። ወይዘሮ አሰለፈች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«እማዬ፣ ብቀርስ?» አላቸው።

«ቅርልኝማ! ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?» አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። «ስለቱስ?»

«ጃንጥላውን እዚሁ ከማገኘው እገዛዋለሁ።»

«የአንካራ ደመወዜን ነው ያልከው! ሜዳው ሙሉ ሰምቷል። ከገብርኤል ጋር ልታጣላኝ ነው?»

አቶ ካሳሁን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ስለት በተባለበት ነው የሚገባው። በሌላ ደመወዝ የተገዛ ጃንጥላ ዝናብ እንኳ አይከለክል። መሄድህ ግድ ነው፣ ወንድሜ።»

ጌዲዮን ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላ ሰው ሲወስንለት እፎይ ይል ነበር። አሁን ግን አልሆነለትም። ድንች ጥብስ ከምትሸጠው ሴት ድንኳን ጀርባ ሄዶ አንድ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። ስለ ድንጋጤ፣ ስለ አእምሮ፣ ሰው በጭንቅ ሰዓት ስለሚናገረው ነገር ረጅም መልእክት ጻፈ። ሲያነበው የክፍል ትምህርት መሰለው፤ አጠፋው። «እቀራለሁ» ብሎ ጻፈ። አየው፣ አየው፣ እርሱንም አጠፋው።

በመጨረሻ ሁለት ቃል ላከላት።

«ልቅር እንዴ?»

መልእክቱን ስታነበው አየ። እየጻፈች መሆኗን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለና ጠፋ። ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፤ መልስ አልመጣም።