የዌንደል ወገን

ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ባንዲራ ከሰው ልብስ እኩል መከበር አለበት፤ ቀለሙ ለቆ፣ ጠርዙ ተበጣጥሶ እያየ የሚያልፍ ባለቤት ሊያፍር ይገባል። ፖለቲከኛ የሚባለው ደግሞ ከምርጫ በፊት እጅ የሚጨብጥ፣ ከምርጫ በኋላ ስልክ የማያነሳ ፍጡር ነው። መስመሩን ለማለፍ አንድ ክንድ ብቻ ቀርቶት ኳሷን ለተጋጣሚ ጠልዞ የሚሰጥ አሰልጣኝ ፈሪ ነው፤ ደመወዙን ይመልስ። ባለቤቴ ቨርና እነዚህን ሦስቱን በእንቅልፌም እንደምናገር ትምላለች።

"ዴልበርት፣ መቃብርህ ላይ አጽፍልሃለሁ፤ ምናልባት እዚያ ዝም ትል እንደሆነ" ትለኛለች።

የምንኖረው ኦሃዮ ነው፤ የኬልሶ ኮሌጅ ስታዲየም በመኪና ቅርብ ነው። የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ማለቴ ነው፣ ጃርቶቹ ይባላል። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኛም ልጅ እያለን ስቀናል። እዚህ አካባቢ ሰው ስሙን ሳያውቅ ጃርት መሆኑን ያውቃል። በመኸር ቅዳሜ የሚያገባ ሰው ካለ ዘመድ አልባ ነው፤ ማንም ሠርጉ ላይ አይገኝለትም።

ጎረቤቴ ዌንደል ይባላል። አጥራችን አንድ ነው። በወጣትነቱ ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ፣ ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ሚስቱን ዶሪስን ከቀበረ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የወተት ቦቴ ነድቻለሁ። ሁለታችን ስንጨቃጨቅ አርጅተናል ብል ማጋነን አይሆንም። እሱ ለአንደኛው ፓርቲ ይመርጣል፣ እኔ ለሌላው፤ በየምርጫው እኔ የእሱን ድምፅ ለማጥፋት እሄዳለሁ፣ እሱም የእኔን ለማጥፋት ይመጣል፣ ተመልሰን አብረን ቢራ እንጠጣለን።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ነበር የምናየው። በእኛ ሠፈር ጨዋታ የሚታየው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚያወሩት ከትልልቅ ከተማ የመጡ፣ ጃርቶቹን የሚንቁ፣ የተጫዋቾቻችንን ስም እንኳ አስተካክለው የማይጠሩ ናቸው። ድምፁን የምንሰማው ከሬዲዮ ነው፣ ከራሳችን ሰው። ችግሩ ሬዲዮው ከምስሉ ይቀድማል። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳሷ ገና አልተወረወረችም፣ ዌንደል ግን ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወንበሩን ጥሎ ይነሣል።

"ገባች! ገባች!"

"አንተ ሰውዬ ዝም በል! ልይበት!"

"ምን ታያለህ? ነገርኩህ እኮ፣ ገባች።"

"ሬዲዮህን ነው የምሰብርልህ!"

"እስክትሰብረው ሌላ እናገባለን" ይላል። ቨርና ከማድ ቤት ትስቃለች። ደስተኞች ነበርን። ያኔ አላወቅነውም እንጂ ደስተኞች ነበርን።

ያጣላን የዛሬ ሁለት ዓመት የተካሄደው ምርጫ ነው። የኔ ሰውዬ አሸነፈ፣ የእሱ ተሸነፈ። በማግሥቱ ጠዋት ቅጠል ልጠርግ ስወጣ የዌንደል ባንዲራ ምሰሶው ላይ ተዘቅዝቆ አየሁት፤ ኮከቦቹ ከታች። እንዲህ የሚሰቀለው አገር ስትሰጥም ነው፣ "ድረሱልን" ለማለት። እኔ ደግሞ ማታ ስጨፍር ያደርኩ ሰው ነኝ። ደሜ ፈላ።

"ዌንደል፣ ባንዲራህ ተገልብጧል" አልኩት በአጥሩ ላይ።

"አውቃለሁ።"

"አስተካክለዋ።"

"አገሪቱ ስትስተካከል።"

"ምርጫ ነው የተሸነፍከው! የሰጠመ ነገር የለም!"

ከዚያ መለፍለፍ ጀመረ። እጁን እያወናጨፈ፣ የአጥሩን እንጨት እየደበደበ ብዙ አወራ። እኔም አወራሁ። ማን ማንን እንደሰማ እንጃ። በመጨረሻ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"ለዚህ ጨርቅ እኔ ጭቃ ውስጥ ተኝቻለሁ። አንተ ያን ጊዜ ወተት ነበር የምታመላልሰው።"

በወጣትነቴ ልዘምት ሄጄ፣ "ውስጥ እግርህ ጠፍጣፋ ነው" ብለው መልሰውኛል። የሠፈሬ ልጆች ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ከምልመላው ግቢ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ማልቀሴን በሕይወቴ የነገርኩት ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለቨርናና ለእሱ። ያችኑ አንሥቶ ወረወረብኝ። መጥረጊያዬን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፖለቲካውን ይያዘው፣ ባንዲራውንም እንደፈለገ ይስቀለው። መጥቶ "ዴልበርት፣ ያችን ነገር ማለት አልነበረብኝም" ይበለኝ። ጠበቅሁት። ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ አዲስ የጨዋታ ዘመን መጣ፣ አልመጣም። እኔም አልሄድኩም።

ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ዌንደል ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን መኪናውን የሚያሳድርበት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር በሬዲዮ የሚሰማው። ጋራዡ ከሳሎኔ ፊት ለፊት ነው። ኳሷ ስትገባ ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ ነው ምስሉ እኔ ዘንድ የሚደርሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብርም፣ መስኮቴን እከፍት ነበር።

"ለምንድነው የምትከፍተው?" ትለኛለች ቨርና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ።

"ለአየር ነው።"

"የዌንደል አየር?" ትለኛለች።

ዘንድሮ ጩኸቱ ግራ ያጋባኝ ጀመር። አንዳንዴ ይዘገያል። አንዴ ተጋጣሚው ሲያገባ ጮኸ። "ሽማግሌው ሬዲዮው ላይ እንቅልፍ እየጣለው ነው" ብዬ ሳቅሁ። በጣም ነው የሳቅሁት፤ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዋርናክ ጋር በተጫወትንበት ቅዳሜ፣ ዋርናኮችን ደግሞ አምርረን ነው የምንጠላው፣ ጃርቶቹ ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኳሷን ከመስመሩ አሳለፏት። ከጋራዡ ምንም ድምፅ አልመጣም። "ወጥቶ ይሆናል" አልኩ። መኪናው ግን እደጁ ቆማለች፣ ሬዲዮውም ይሰማል። ሁለተኛ አገባን። ዝም። ጃርቶቹ ዋርናክን እየመሩ እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ መስኮቱን ነበር የማየው።

ቨርና ከባቄላና ከተፈጨ ሥጋ የምትሠራውን ወጥ በጎድጓዳ ሳህን ጨልፋ መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ሂድ" አለችኝ።

"እሱ ነው መምጣት ያለበት።"

"ዴልበርት፣ ሰውዬው ሞቶ ቢሆንስ? ሬሳው መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅህ?"

ሄድኩ። ጋራዡ ክፍት ነው። ዌንደል እንደ ድሮው በተጣጣፊ ወንበሩ ላይ፣ ቡናማ የጃርት ሹራቡን ለብሶ ተቀምጧል። ሬዲዮው ጭኑ ላይ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"የት ጠፋህ አንተ? ጨዋታው ከተጀመረ ቆየ እኮ!"

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እያሾፈ መስሎኝ ፊቱን መረመርኩት። ኩርፊያ የለም፣ አጥር የለም፣ ሁለት ዓመት የለም።

"ቨርና ወጥ ልካለች" አልኩት።

"እሷን እግዜር ይባርካት። ቁጭ በል፣ ቁጭ በል።"

ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ውስጥ ሰውዬው ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ። ዌንደል ወደኔ ዞሮ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው በትሕትና ጠየቀኝ።

"እኛ የትኞቹ ነን?"

"ጃርቶቹ ነን፣ ዌንደል።"

"አሁን ያገቡት እነሱ ናቸው?"

"እኛ ነን።"

"ጥሩ ነዋ" አለና ወጡን መብላት ጀመረ።

ሴት ልጁ ኮሊን ከውስጥ ወጥታ በዓይኗ ጠራችኝ። በሩ ጋ ሄድኩ።

"መርሳት የጀመረው ከመጋቢት ወዲህ ነው፣ ጋሼ ዴልበርት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሐኪሙ እየባሰበት ይሄዳል ብሏል። እኔ አብሬው ልኖር መጥቻለሁ። እርስዎን ልጠራዎት ፈልጌ ነበር፤ ያኔ ገና ሁሉን ያስታውስ ነበርና 'አትጥሪው፣ ያ ደረቅ ራሱ ይምጣ' አለኝ።"

"እኔን ነው ደረቅ ያለው?"

"አዎ" አለችኝ፤ ሳቀችም አለቀሰችም።

ስመለስ ዌንደል ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ቆሟል፤ ወደ ደጅ እያየ ነው።

"ያን ማነው እንዲህ የሰቀለው?" አለኝ። ባንዲራው ነው። "ተዘቅዝቋል እኮ! የሠፈር ዱርዬዎች ናቸው። ና አግዘኝ፣ እናስተካክለው። ሰው ሲያይ ምን ይለኛል?"

ምሰሶው ሥር ደርሶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ይህን ነበር እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመኝ የኖርኩት፣ ዌንደል በገዛ እጁ ያን ባንዲራ ሲገለብጥ ለማየት። እጄን ልሰድ ነበር። ገመዱን ይዤ ቀጥ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ፤ አሸንፌያለሁ።

አልሆነልኝም። ይህ ሰው ሐሳቡን አልለወጠም፤ ሐሳቡ ጠፋበት እንጂ። የጎረቤቴ ቦርሳ ወድቆ ባገኝ ኪሴ እከተዋለሁ?

"ዱርዬ አይደለም" አልኩት። "አንተ ነህ የሰቀልከው።"

"እኔ? አብደሃል? እኔ ወታደር ነበርኩ!"

"ምክንያት ነበረህ። ነግረኸኛል።"

"ምን ብዬ?"

ያን ቀን ያልሰማሁት መስሎኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ቃል በቃል ወጣ፤ እጁን እንዴት ሲያወናጭፍ እንደነበር ሁሉ ትዝ አለኝ።

"'አገር ላሸነፈው የምትሰጥ ዋንጫ አይደለችም' አልክ። 'ሰው ሚስቱን ለማሳከም ቤቱን የሚሸጥበት አገር አደጋ ላይ ነው' አልክ፤ አንተ ለዶሪስ ብለህ ልትሸጠው ምን ቀርቶህ ነበር። 'አብሮኝ ከጭቃ የወጣው ልጅ ዛሬ ድልድይ ሥር ያድራል፤ ለጨርቅ የምትቆጡ ሰዎች ለእሱ ስትቆጡ አላየሁም' አልክ። 'ስለምጠላው አይደለም የዘቀዘቅኩት፤ ስለምወደው ነው የምጮኸው' አልክ። ከዚያ የአጥሬን እንጨት ደበደብክ። እስካሁን ይወዛወዛል።"

ዌንደል ገመዱን እንደያዘ ሲያዳምጠኝ ቆየ።

"ጥሩ ተናግሬያለሁ" አለ።

"በጣም።"

"አንተስ ምን አልከኝ?"

"እኔማ፣ 'የሁላችንም የሆነውን ነገር ለኩርፊያ አታውለው' አልኩህ። 'እኔ ብሸነፍ እገለብጠው ነበር ወይ? አሥር ጊዜ ተሸንፌያለሁ፣ አንድ ቀን ነክቼዋለሁ?' አልኩህ።"

"እሱም ክፉ አይደለም" አለኝ፣ ከልቡ አስቦበት። ከዚያ ገመዱን ለቀቀው። "እንግዲያው ተወው። ካልኩ ብያለሁ።"

ተወነው። ሁለታችንም ሽቅብ እያየን ቆምን። ነፋሱ ያንን ኮከቡ ከታች የሆነ ባንዲራ ያራግበዋል። እስከ ዛሬም ሳየው ደሜ ይፈላል፤ ትክክል ነው አልልም።

"ተጣልተን ነበር እንዴ?" አለኝ ድንገት።

"ትንሽ።"

"ክፉ ነገር ተናግሬህ ይሆን? አፌ ክፉ ነው፤ ዶሪስ ሁሌ ትቆጣኛለች።" ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ፤ የጠፋበትን እየፈለገ ሊያገኝ የማይፈልግ ሰው ፍርሃት። "ምን አልኩህ?"

ወተቱ፣ እግሬ፣ ያ መኪናዬ ውስጥ ያለቀስኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው።

"ረሳሁት" አልኩት።

"አንተም?"

"እኔም።"

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞህ" አለኝ። "ዕድሜ ነው።"

እንባዬን አልያዝኩትም። እሱም ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀኝም፤ ጃርቶቹ የተሸነፉ ሳይመስለው አይቀርም፣ "ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ" ብሎ ወደ ወንበሩ መለሰኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ነኝ። ቨርና ወጡን ይዛ ትመጣለች፣ ኮሊን ወንበር ታወጣለች። በጨዋታው መካከል ዕረፍት ሲሆን ዌንደል "ስለ ፖለቲካ እናውራ" ይላል፤ የምን ፓርቲ ሰው እንደሆነ ግን ትዝ አይለውም። እኔ እነግረዋለሁ። የእሱን ወገን ይዤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ወንበር እየደበደብኩ እከራከርለታለሁ፤ ከዚያ የእኔን ወገን ይዤ እመልስለታለሁ። አላጭበረብርም፤ ጥሩ ጥሩውን ነገር ሁሉ ለእሱ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ቢሆን የሚለውን። እሱ መካከል ተቀምጦ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ራሱን ይነቀንቃል፣ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል።

ባለፈው ቅዳሜ አሸነፈኝ።