ሁለቱ መውጫዎች

እናቷ ከባቡር ከወረዱ ቆይተዋል፤ ከጣቢያው ግን አልወጡም። እሜቴ ቀስት በሩ ላይ ቆማ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ስትጠብቅ ልቧ አንድ ነገር ጠረጠረ። «እሜቴ ቀስት» ያሏት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። የባቡር ጣቢያዎቹን ምልክት የምትነድፈው እሷ ናትና፣ የአንድ ቀስት ጫፍ ትንሽ ከተዛነፈ እንቅልፍ አይወስዳትም ብለው።

መታገሡ አልሆነላትም፤ ገባች። ታች ትኬት መቁረጫ አዳራሽ ነው፤ ባቡሩ የሚቆመው ላይ ነው። ግራና ቀኝ ደረጃ አለ፤ አንዱ ወደሚሄደው፣ አንዱ ወደሚመጣው ባቡር ይወስዳል። እናቷ የግራው ደረጃ አጋማሽ ላይ ሻንጣቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየወጣሁ ነዋ» አሉ ጉልበታቸውን እያሻሹ። «ከባቡር ወርጄ ታች ስደርስ ፊት ለፊቴ ‹መውጫ› ይላል፤ ወጣሁ። ብወጣ ሌላ ባቡር ቆሟል። ተመልሼ ወረድኩ፤ በወዲያም ‹መውጫ› ይላል። ያንንም ወጥቼ ባቡር ነው፤ ይኸው እንደገና ወደዚህ። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው ረገምኩት። እናንተ ዘንድ መውጣት ማለት እስከ ሰማይ ነው እንዴ?»

እሷ ደረጃው ላይ «ወደ ባቡር»፣ በሩ ላይ «ወደ ውጭ» ብላ ነበር የጻፈችው። ሰሌዳዎቹ ሊታተሙ ሲሉ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ እንዲህ ብሎ ሰረዘው፦ ባቡር ጣቢያ ቆሞ «ወደ ባቡር» ማለት ምንድን ነው? ደረጃ ይወጣል፤ «መውጫ» ይባል። በሩም እንደዚያው።

እናቷን ደግፋ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወሰደቻቸው። ቢሮው ወደ መንገድ የሚከፈት የራሱ በር አለው፤ ሰውየው በአዳራሹ ምልክት ተመርቶ አያውቅም።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ» አለ ብድግ ብሎ። የሆነውን ሰማ። «ታዲያ ጽሑፉ ምን ስህተት አለው? በሩም መውጫ ነው፣ ደረጃውም መውጫ ነው። አንድ ወጥ ይሁን እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ።»

«አንድ ወጥ ማለት አንድ ነገር በየጣቢያው አንድ ስም ይኑረው ማለት ነው። ለሁለት ነገር አንድ ስም ስጥ አላልኩም። በሩና ደረጃው መንታ ናቸው?»

«መንታም ስሙ ይለያል» አሉ እናቷ።

«ሕዝቡ ይለምደዋል።»

«የለመደ ሰው ምልክት አያነብም። የሚያነበው እንግዳው ነው፣ በሽተኛው ነው!»

«በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን። እናቴ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ስላለኝ…» እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«በየትኛው መውጫ ልውጣልህ፣ የኔ ልጅ?»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። የእናቷ ጉልበት አብጦ እሱ ይስቃል። ያ ሳቅ ነው የጨረሳት። ከዕቃ ክፍል መሰላልና ካቻቢቴ አውጥታ የግራውን ሰሌዳ ብሎን መፍታት ጀመረች።

«ውረጂ» አለ ኃላፊው ተከትሏት መጥቶ። «ያንን ሰሌዳ ብትነቅይ ነገ ሥራ እንዳትገቢ።»

እጇ ቆመ። ከዚህ ሥራ ሌላ የምትወደው ሥራ የላትም፤ እሱም ያውቃል። በዚያ መሐል ልጅ ያዘለች ሴት ከቀኙ ደረጃ ወርዳ ዙሪያውን ቃኘች፣ ግራውን ሰሌዳ አነበበች፣ መሰላሉን አልፋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

«እህቴ፣ መንገድ ከሆነ የምትፈልጊው በወዲያ ነው» አለቻት እሜቴ ቀስት ከላይ፣ በካቻቢቴዋ በሩን እያሳየች። የመጨረሻውን ብሎን ፈታችው። «ያዘው፣ ከባድ ነው» አለችና ሰሌዳውን ለኃላፊው ለቀቀችለት። ባይዘው አናቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያዘው።

«ነገ እንዳትመጪ ብያለሁ» አለ ሰሌዳውን እንደታቀፈ።

«ሰምቻለሁ» አለች። ወርዳ መሰላሉን ወደ ቀኙ ደረጃ ጎተተችው፤ እግሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸ። እናቷ እያነከሱ ተከተሏትና በሁለት እጃቸው ያዙላት።