የደጃፍ ጠጠር

ገብረ መድኅን በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የባቡሩን መምጫና መሄጃ በአራት ቋንቋ ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነው። በአማርኛ ሲናገር ደብተራ፣ በሶማሊኛ ሲናገር የግመል ነጋዴ፣ በኦሮምኛ ሲናገር የሐርላ ገበሬ ይመስላል፤ በፈረንሳይኛ ሲናገር ምን እንደሚመስል ፈረንሳዮቹ ይወቁት። ምላሱ እንጀራው ነበረች፤ በኋላም ያዋረደችው እሷው ናት።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ወልደማርያም የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ የባለሥልጣንና የሀብታም ሰፈር በሆነው በከዚራ ቢሮ ከፈተ። ሥራው «የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ» ነው ተባለ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ከተማው በሰው እየሞላ ስለሆነ በደረቁ ወንዝ በደቻቱ አሸዋ ዳር ያለው ሰፈር ምን ያህል ሰው እንደያዘ ማወቅ ይፈለጋል፤ ሕዝቡን የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ገብረ መድኅንን አስጠራው። ሥራው ከሰመረ ለገብረ መድኅን ቋሚ ሥራና ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው የከዚራ ቤት ይሰጠዋል።

«ምን ብዬ ላግባባቸው?»

«ሰውን መጀመሪያ የሚፈልገውን ንገረው። ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ውሃ።»

«እንግዲያው ውሃ በላቸው።»

ገብረ መድኅን እዚያው ሰፈር ነበር የሚኖረው። ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ የግመል ወተት የምትሸጠው ዐስሊ ናት። ሚስቱ አስካለማርያም በወሊድ ስትሞትበት፣ ልጁን የሺአረግን ከራሷ ልጅ ከዓዋሌ ጋር በአንድ ጡት ያሳደገችለት እሷ ናት። ዓዋሌን ግን የደቻቱ ጎርፍ ወሰደው።

ሰፈሩ ቆጠራ ሲባል ተቆጣ። ሰው ይቆጠራል እንዴ? የተቆጠረ ልጅ ዓይን ይበላዋል። በሌላ በሌላው የማይስማሙ ክርስቲያንና እስላም በዚህ ተስማሙ። ያኔ ገብረ መድኅን ዘዴ አመጣ፤ ሰው አይቆጠርም፣ እያንዳንዱ ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ጠጠር ደጃፉ ላይ ያኑር፣ የሚቆጠረው ጠጠሩ ነው፤ በጠጠሩ ልክ የውሃ ቦኖ ይተከላል።

ዐስሊ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ወሪያ ገብሬ፣ ዋስ ትሆናለህ?»

«እኔ ዋስ ነኝ።»

ለሷ የነገራት ለሰፈሩ ሁሉ በቃ። በማግስቱ ጠጠር የሌለበት ደጃፍ አልነበረም። እንደውም በዛ። ቦኖው በጠጠሩ ልክ ከሆነ ማን ይሰስታል? የሚመጣ እንግዳ፣ የሚወለድ ልጅ፣ ገጠር ያለ ዘመድ ሁሉ ጠጠር ተጣለለት። ዐስሊ ደጃፍ ላይ ያለውን ክምር ሲያይ ገብረ መድኅን ሳቀ።

«ይሄ ሁሉ ማነው?»

«ይሄ ወንድሜ ዒልሚ። ከገጠር ሲመጣ ውሃ አይጠጣም እንዴ? ይሄ ዓዋሌ ነው።» ጠጠሩን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። «ይቺ ነጯ የሺአረግ።»

«የሺአረግን እኔ ደጅ አኑሬያታለሁ እኮ።»

«ጡቴን አልጠባችም አቦ? የኔም ናት።»

ማረም ነበረበት። ጠጠር ቢበዛ ቦኖ ይበዛል ብሎ ሁሉንም እንዳለ መዘገበው።

ወር ሳይሞላ ወልደማርያም አንድ ወረቀት ሰጠውና በሰፈሩ እንዲያነብ አዘዘው። ሰፈሩ ከሚችለው በላይ ሕዝብ ስለሞላበት፣ ለነዋሪው ጤና ሲባል ከከተማው ውጭ ወዳለው ሜዳ ይዛወራል ይላል። አሸዋው ዳር የትልልቅ ሰዎች መጋዘን ይሠራበታል። ሜዳው ላይ ግን እንኳን ቦኖ ጉድጓድም የለም።

«ጠጠሩ ውስጥ እንግዳ አለ፣ የሞተም አለ!» አለ ገብረ መድኅን።

«ያኔ ለምን አልተናገርህም?»

ጠረጴዛው ላይ የከዚራው ቤት ቁልፍ ተቀምጧል። እምቢ ማለት ይችል ነበር። ቁልፉን አነሳ። እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር የሚል ካለ፣ አሸዋ ለአሸዋ ጀሪካን ተሸክሞ ይሞክረውና ያውራ። ወረቀቱን በሦስት ቋንቋ አነበበው፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ጅቡን እየመራ ያመጣ ነው።

ቤቶቹ በፈረሱ ቀን ዐስሊ ዕቃዋን አህያ ላይ ጭና ከዚራ መጣች። ገብረ መድኅን በሩ ላይ ቆሞ ግቢ ሊላት አፉን ሲከፍት፣ እሷ እጁን ያዘችና አንዲት ነጭ ጠጠር መዳፉ ላይ አኖረች።

«ሰፈሩን ካጨናነቁት አንዷ ያንተ ናት። ቤት አግኝታለች፤ ከኛ ቁጥር ላይ አንሳልኝ» አለችውና አህያዋን ነዳች።

ቧንቧው ሥር እግሯን ትታጠብ የነበረችው የሺአረግ የዐስሊን ድምፅ ሰምታ፣ በሶማሊኛ እናቴ ለማለት «ሆዮ! ሆዮ!» እያለች ሮጣ ወጣች። ዐስሊ ዞር አላለችም።

«አባዬ፣ ሆዮ የት እየሄደች ነው?»

ገብረ መድኅን ጠጠሯን ጨበጣት።

«ውሃ ልትቀዳ» አላት።