መቶ ሰማንያ ገጽ «አንቺ»

ፕሮፌሰሩ በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ስድስት ልቦለዶችን ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ መልሷል። አምስቱን ያነበቧቸው እሱ፣ አራሚውና አንድ ሥራ የፈታ ዘመዱ ናቸው። ስድስተኛዋ ግን ሌላ ናት። «ቁልፉ ከአበባው ሥር ነው» የተባለችው ያቺ መቶ ሰማንያ ገጽ መጽሐፍ በወጣች ሰሞን ጎረምሳው ሁሉ ደብዳቤውን የሚጽፈው ከእሷ እየገለበጠ ነበር። የሠርግ መጥሪያ አታሚዎች ደግሞ «አንቺ የሌለሽበት ቤት ግድግዳ እንጂ ቤት አይደለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማንንም ሳያስፈቅዱ የራሳቸው አደረጉት።

ያኔ የዩኒቨርሲቲው የስፓኒሽ ትምህርት ክፍል ማለት ሦስት ወንበር፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ነበር። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ የእግር ኳስ ተንታኝ ለመሆን፣ ግማሾቹ ሌላ ክፍል ስላልደረሳቸው የመጡ ናቸው። ዲኑ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፕሮፌሰሩን «የላቲኑ መምህራችን» እያለ ነው ያስተዋወቀው። አንዴ እንዲያውም የሕክምና ተማሪዎች የመድኃኒት ስም እንዲያነብላቸው ልኮበታል።

አሁን ደግሞ ፕሮፌሰሩ ራሱ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው መጽሐፏ እንደገና ልትታተም ሆነ። የአሳታሚው አዘጋጅ የቀድሞ ተማሪው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው መጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ፕሮፌሰር፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«የተቀመጥኩት እኔ፣ የቆምሽው አንቺ!»

«እንግዲያው እንዳይነሱ። ደራሲው ለአዲሱ የስፓኒሽ እትም መግቢያ ጽፏል። ያ በመጽሐፉ ሙሉ የሚያናግረው ሰው ፍቅረኛው አይደለችም።»

«እና ማን ናት?»

«ወንድሙ ነው። ከቤት ወጥቶ የቀረ ታላቅ ወንድሙ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በስፓኒሽ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው፤ ግሱም ወንድ ከሴት አይለይም። ብልህ ደራሲ አንድን ሰው ከዳር እስከ ዳር አናግሮ ጾታውን ሳያወጣ መጨረስ ይችላል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ምስጢር አይቋጥርም። ገና «መጣ...» ከማለትህ «ሽ ነው ህ?» ብሎ ያፋጥጥሃል።

«ማንም አይፈርድብዎትም» አለች አዘጋጇ። «መጽሐፉ ውስጥ እኮ አንድም ምልክት የለም።»

ፕሮፌሰሩ ግን ያውቃል። ምልክት ነበረ። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ «የደከመ» የሚለው የስፓኒሽ ቃል መጨረሻው «ኦ» ነው፤ ለሴት ቢሆን «ኣ» ይሆን ነበር። ያኔም አይቷታል፣ ያችን አንዲት ፊደል። አይቶም «የማተሚያ ቤት ስሕተት ናት» ብሎ አለፋት።

ያለፈበት ምክንያት ከወንበሩ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ትተይብ ነበር። የክፍሉ ታይፒስት መጀመሪያ ላይ የእጅ ጽሑፉን እንደ ማንኛውም የቢሮ ደብዳቤ ሳታነብ ነበር የምትመታው። ሃያኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቀዘቀዘ። አርባኛው ላይ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችው። ስድሳኛው ላይ ምሳዋን ትታ ቀጣዩን ገጽ ጠበቀች። እሱም እያንዳንዷን «አንቺ» ፊቷን እያየ መጻፍ ጀመረ። እስቲ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ደርሶ «ይቅርታ፣ ለካስ ወንድ ነው» የሚል ጀግና ካለ ይነሳ! መጽሐፉ ሲያልቅ ተጋቡ።

«ካስተካከልነውም ኮምፒውተር እያለ ምን ያስጨንቃል?» አለች አዘጋጇ፤ መጽሐፉን በያዘችው ኮምፒውተር ላይ ከፍታም «ሽ»ን ሁሉ በ«ህ» አስቀየረችው። ባንድ አፍታ ሽማግሌው ህማግሌ፣ ሽንኩርቱ ህንኩርት፣ ምሽቱም ምህት ሆኖ አረፈው። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በእጅ ነው እንግዲህ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ወይ እንዳለ እንተወው። እርስዎ ይወስኑና እስከ ዓርብ ይንገሩኝ።»

መተው ቀላል ነበር። ግን ደራሲው ስንት ዓመት በር በር እያየ የጠበቀውን ወንድም፣ እሱ ቀሚስ አልብሶ ለሠርግ መጥሪያ ዳርጎታል። ያን ዕለት እራት ላይ ለባለቤቱ አፈረጠው።

«ስሚ፣ ያ መጽሐፍ...»

«የኔ መጽሐፍ?»

«አዎ። ሴቷ... ሴት አይደለችም።»

«እና ምንድን ናት? ድመት ናት?»

«ወንድሙ ነው።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ቆይ ቆይ። ‹ፀጉርሽን ስታበጥሪ ቤቱ ዝም ይላል› ያልከኝስ?»

«ወንድምየው ፀጉረ ረጅም ነበር መሰለኝ።»

«እንግዲያው ይሄን ሁሉ ዓመት የሰውየውን ወንድም ነው ያገባሁት በለኛ!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ዛሬ» ማለት ይችል ነበር። «ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ» አለ።

«ያኔ?»

«ያኔ።»

ሳህኗን አንስታ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ፦ «እራትዎን ጨርሰዋል?»

ፕሮፌሰሩ ስለ ተውላጠ ስም ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሯል፤ በተውላጠ ስም ሲመታ ግን የመጀመሪያው ነው። በማግስቱም «ሻይዎ ቀዝቅዟል» ሆነ። ከዚያም «ስልክ ይፈልግዎታል»፣ «መብራቱን ያጥፉት»። ጎረቤት ቢሰማ ቤቱን ያከራየችው ሊመስለው ምንም አልቀረው።

ለአዘጋጇ «ይስተካከል» ብሎ ደወለና ሥራውን ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ምስር ለቃሚ አቀርቅሮ «ሽ» ለቀመ። የሚሠራው ባለቤቱ ከተየበችው ከጥንቱ ቅጂ ላይ ነበር፤ እያንዳንዷን በሰረዘ ቁጥር አንድ ቀን አብራ ትነሳለች። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ የጣሪያው ጠብታ ያደበዘዘው መስመር አለ፤ ያን ዕለት ጫማዋ ርሶ እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ ነበር የተየበችው። ሰባኛው ላይ ከኅዳጉ በእርሳስ «ውይ!» ብላ ጽፋለች። እርሳሱን አልነካውም።

የመጨረሻው ረቂቅ መጣ። ጠረጴዛ ላይ ትቶት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ባለቤቱ መነጽሯን አጥልቃ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ረቂቁ ላይ አቀርቅራለች።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት» አለች ቀና ሳትል። «‹በሩን ስትከፍቺ ቀስ ብለህ ግባ›። ይሄ ሰውዬ ደጅ ላይ ሴት ሆኖ ውስጥ ሲገባ ወንድ የሚሆነው ምን ነክቶት ነው?»

«ተይው። አንዷ ብትቀር ማን ያያታል? ላንቺ ትሁን።»

«አልፈልግም። የፊት ገጹ ላይ ‹የተየበችው› ተብሎ ስሜ አለበት። ወንድም ነው ካልክ ወንድም ይሁን፤ እንዲህ ግማሽ በግማሽ አድርገህ ልታሰድበኝ ነው?»

ፕሮፌሰሩ «ካልክ»ንም «አድርገህ»ንም ሰምቷል። ተርጓሚ ነውና የት ላይ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

እሷ «ቺ»ን በቀይ ሰርዛ «ት» ጻፈችበት።

«ምን ቆመሃል?» አለችው። «ዳቦውን አስቀምጥና ወንበር ሳብ፤ ሌላም ሳትረሳ አትቀርም።»