ሰው የማይኖርበት ቤት

የጥናቱን ሳምንት የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። መሬቱ ደርቋል፣ መኪና ይገባል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እርሻው መሃል አሥራ አንድ የነፋስ ተርባይኖች ልንተክል ነበር፤ ደንቡ ሰው ከሚኖርበት ቤት አምስት መቶ ሜትር ይራቁ ይላል። ሁለት ቴክኒሻኖች ቤት ለቤት ዞሩ። ሦስት ቀን ተመላልሰው ሰው ያጡበትን ቤት «ሰው የማይኖርበት» ብለው ሞሉ፤ እኔ ከቢሮ ሳልወጣ ፈረምኩ።

የውቂያ ሰሞን ነበር። በውቂያ ሰሞን ያ መንደር በሩን ቆልፎ ነው የሚከርመው፤ እህሉ እንዳይሰረቅ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ያድራል። እኔም ልጅ ሆኜ አድሬያለሁ፤ ገለባው አንገቴ ሥር ገብቶ ሲያሳክከኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። ባሕር ማዶ አሥራ ሁለት ዓመት ስለ ነፋስ ስማር ግን ይህን የሚጠይቅ ፈተና አልገጠመኝም።

«ሰው የማይኖርበት» ከተባሉት ቤቶች ቁጥር ሠላሳ አንድ ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት መሆኑን ያወቅሁት የሰባተኛው ተርባይን መሠረት በአርማታ ከተሞላ በኋላ ነው። ከደጃፏ ሦስት መቶ ሜትር አይሞላም።

ሥራ አስኪያጁ የቢሮውን በር ዘጋና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ቤቱ እቃ ቤት ነው ብላ ትፈርም። ካሳዋን ታገኛለች።»

«ትኖርበታለች እኮ።»

«ታዲያ አትኖርበትም ብሎ የፈረመው ማነው?» ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። እንግዲህ ያንተ ጉዳይ ነው፣ ኢንጂነር።»

አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«መጣህ፣ ምሁሩ? ነፋስ ሊማር ሄደ ሲሉኝ፣ ነፋስ ደግሞ ምን ትምህርት አለው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አስቄብህ ነበር።»

ወረቀቱን አነበብኩላት። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

«እቃ ቤት?» ዞር ብላ ቤቱን አየችው። «እኔስ ታዲያ ምኑ ነኝ? ጆንያው?»

«የወረቀት ነገር ነው፣ እትዬ።»

«ሲዞር ይጮሃል አሉ።»

«ይጮሃል፤ ነፋስ ካለ።»

«እዚህ ነፋስ የሌለበት ቀን መቼ አየህ?»

እኛስ የመጣነው ለዚያው አይደል።

«ባልፈርምስ?»

ባትፈርም የሚነሳው ተርባይኑ ነበር፣ ከእሱም ጋር እኔ። ደንቡን በዚያ መንደር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ለውጥ የለውም» አልኳት። «አርማታው ፈሷል።»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንተ ካልክ መቼም። ይሄን ሁሉ የተማርከው እንድታውቅልን አይደል።»

እያሾፈችብኝ እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። አላሾፈችም። አውራ ጣቷን ይዤ ቀለም አስነካሁትና ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት።

ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት አልጋዋ መውጣት ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በቁመት ብል በአግድም ብል በበሩ አላልፍ አለኝ።

«እግሩን ፍታው» አለች ከውጭ። «ባሌ እዚያው ውስጥ ሆኖ ነው የሠራው። ይወጣል ብሎ መች አሰበ።»

ፈታሁት። ስሸከመው በሩን ራሷ ያዘችልኝ። «ቀስ፣ ወገብህን። እዚያ ጋ ድንጋይ አለ።»

ጎረቤቷ ግቢ ስናደርሰው አረፍ አለችና፣ «ሰውዬው ሲሄድ መልሰህ ታስገባልኛለህ፣ አይደል?» አለችኝ።

ካሳ የተከፈለበት ቤት በወሩ ይፈርሳል። ካነበብኩላት ወረቀት ላይ ግን ይህ አልተጻፈም።

«እኔው ራሴ» አልኳት፣ የአልጋውን እግር ለመግጠም እየተንበረከክሁ።