ቅቤ የጠገበው ጩቤ

አላምረው የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከጎንደር ደባርቅ፣ ከጎንደር መተማ ሲመላለስ የማያውቀው ገበያ፣ ያላረፈበት ጠጅ ቤት አልነበረም። አባቱ መሪጌታ ነበሩና ልጃቸው ዜማ ተምሮ ወንበራቸውን እንዲወርስ ተመኝተው ነበር፤ እሱ ግን ዳዊት ከደገመ በኋላ መሪ ጨበጠ።

ጎንደር ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለችው ቤቱ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ጩቤና ሳንጃ ነው። ሚስቱ ይመኙሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጋረጃ ትጋርድበታለች። «ሰው ቤቴ መጥቶ ምሳውን በፍርሃት መብላት የለበትም» ትላለች። አላምረው ይህን አመል ያመጣው ጣልያን በለቀቀ ማግሥት ነው። ሜዳው ሁሉ የጦር ዕቃ በነበረበት ጊዜ ሌላው ቆርቆሮና ጎማ ሲለቅም እሱ ስለት ይለቅም ጀመር። እያደር የፋሽስቱን ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ አጭር ጩቤ ለጣልያን ካደረው ወታደር ከአስካሪው ሳንጃ፣ የደጋውን ጎራዴ ከቆላው ካራ በሩቁ የሚለይ ሆነ። የተቀረጸ የፈረንጅ ፊደል ሲያገኝ ጎንደር የቀረ አንድ ጣልያናዊ መካኒክ ያነብለታል፤ የአገር ሥራ ሲሆን ደግሞ ወለቃ ካሉት የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎች ዘንድ ይሄዳል። የማን ነበር? ከማን እጅ ወጣ? ይህን ሳያውቅ አንዱንም ግድግዳው ላይ አይሰቅልም።

አንድ የጥር ቅዳሜ ማክሰኝት እህል ሊጭን ወርዶ ሳለ፣ ክንዱ የሚባል የበግ ነጋዴ የጠፍር ገመድ በጩቤ ሲቆርጥ አየው። ወፍራም ጠፍር ነው፤ ጩቤው ግን ነካ ቢያደርገው ለሁለት ወደቀ። አላምረው ጆንያውን አስቀምጦ ቀረበ።

«እስቲ ልየው።»

ክንዱ አቀበለው። ጀርባው ወፍራም፣ ሆዱ ስስ፣ ቀጥ ያለ ጩቤ ነው። አላምረው ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰና ከውጅግራ ጠመንጃ ሳንጃ ተቆርጦ የተሠራ መሆኑን ዐወቀ። እንዲህ ያለ ከዚህ በፊትም አይቷል። ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ የለችም። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከደባርቅ በላይ ያለ ማር ቆራጭ ነው የሰጠኝ። በገመድ ገደል ወርጄ ንብ ስፈልግ ዋሻ ውስጥ አገኘሁት አለኝ።»

«መቼ የገባ ነው አለህ?»

«የጦርነቱ ጊዜ ነው አለ። ምነው? የምታውቀው ነው?»

አላምረው ብረቱን እንደገና በጣቱ ዳሰሰው። ጉም በማይለየው በዚያ ደጋ ብረት አንድ ክረምት እንኳ ሳይዝግ አይከርምም። ይህ ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ዋሻ ውስጥ ከርሞ እንደ መስታወት ያበራል። ጋቢና ውስጥ የነበረውን አዲስ ብርድ ልብስ አውጥቶ ለክንዱ ሰጠና ጩቤውን ወሰደ።

ሰኞ ዕለት ወለቃ ሄደ። ሽማግሌው ብረት ሠሪ አያ አለነ ጩቤውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራቸው ጫር ጫር ሲያደርጉት ከቅባቱ ሥር የሠሪው ምልክት የሆኑ ትንንሽ ጭረቶች ብቅ አሉ።

«የአባቴ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ወናፍ እየነፋሁ ነው የተሠራው። ዳኛው የሚባል የደባርቅ ሰው ሳንጃውን ይዞ መጣ። ሊዘምት ነበር። ለእጅ በእጅ ውጊያ የሚሆን አድርጉልኝ ብሎ ነው ያሠራው።»

«ቅቤውስ አያ አለነ?»

«ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ነው። ለጋ ቢሆን ውሃው ብረቱን ይበላው ነበር። የቀባው ሰው ዐውቆ ነው የቀባ። ደግሞ የቆየ ቅባት አይደለም፤ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ነው።»

«ታዲያ ዳኛው በሕይወት አለ ማለት ነው?»

«እሱንማ ሄደህ ጠይቅ እንጂ!» ብለው ጩቤውን መለሱለት።

አላምረው በቀጣዩ ጉዞው ማኪናውን ደባርቅ አቁሞ በእግሩ ወደ ገደሉ አፋፍ አቀና። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሁሉ ስለ ዳኛው ጠየቀ። መልሱ አንድ ነበር፤ «ዳኛውማ በጉም ቀን ሞተ።» የጉም ቀን ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ግን ሁሉም እጁን ወደ አንዲት ቤት ይዘረጋል። «የጉም ቀንን ነገር አያ ቢያዝንን ጠይቅ።»

አያ ቢያዝን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ከቀኝ እጃቸው የቀረው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው። አላምረው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጨርቁን ፈትቶ ጩቤውን አሳያቸው። ሽማግሌው ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አደገደጉ፤ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው። ጎንበስ ብለው ጩቤውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ተሳለሙት።

«ዳኛው» አሉት፣ «ምነው? የት ከረምህ?»

አላምረው ጩቤውንና ሽማግሌውን አፈራርቆ አየ። ይኸን ሁሉ ዓመት ስለት ሲሰበስብ ስለትን በስሙ የጠራ ሰው አላየም።

«ከዋሻው ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ አያ ቢያዝን ቀና ብለው። «ከጠፋ ጀምሮ እህል አልጣመኝም። አንተን እግዜር ነው የላከህ። ዛሬ እደር፤ ነገ ቦታውን አሳይሃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት በጓሳው ሣር መካከል አልፈው ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ነው፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ታቹ የማይታይ ባዶ። አላምረው አለቱን እየቧጠጠ፣ ወደ ታች ላለማየት የሽማግሌውን ጀርባ ብቻ እያየ ተከተለ። ድንገት አለቱ ወደ ውስጥ ገባና ዋሻ ሆነ።

ጠዋት ስለነበር ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባለች። አላምረው መጀመሪያ ያየው ብርሃን ነው፤ ግድግዳው ሁሉ የሚያበራ መሰለው። ዓይኑ ሲለምድ ነው የገባው። በአለቱ ላይ በተፈለፈሉ ትንንሽ ቦታዎች፣ በሣር ላይ፣ አንድ አንድ ስለት ተጋድሟል። ጎራዴ አለ፤ ሾተል አለ፤ የአስካሪ ሳንጃ አለ፤ የጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ጩቤ አለ፤ ሥጋ ከመቁረጥ በቀር ምንም ሥራ የማያውቅ የገበሬ ካራ አለ። አንዱም አልዛገም። አንዱም በሌላው ላይ አልተደረበም። አላምረው ኮፍያውን አወለቀ። የገዛ ግድግዳው ትዝ አለውና፣ ይህን ካየሁ በኋላ ያን ስብስብ ብዬ እጠራዋለሁን? አለ በልቡ።

አያ ቢያዝን የዳኛውን ጩቤ ቦታው ላይ አጋደሙና ተቀመጡ።

«እኛ ከላይ ይዘን ነበር» አሉ። «አስካሪውና ባንዳው ጥቂት ነጮች አስከትሎ ከታች መጣ። ጎሕ ሲቀድ ጉም ወጣ። የገዛ መዳፍህን አታይም። ጠመንጃ ምን ይሠራል? ማንን ትተኩሳለህ? ሁሉም ስለቱን መዘዘ። ሰው ሲነካህ ማነህ ትላለህ፤ ያኛውም ማነህ ይላል፤ በአንድ አማርኛ። እኔ ገና ከመጀመሪያው ስለት ሲመጣብኝ በእጄ ያዝሁና ይኸው ጣቶቼ ቀሩ። ዳኛው ጎትቶ ከድንጋይ ሥር አስገባኝ፤ ተመልሶም ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሚካኤል ድረስ ይላል። ከታች ያለውም ሚካኤል ድረስ ይላል። ሚካኤል የቱን እንደሚሰማ ግራ ገባኝ።»

ከአጠገባቸው ካለው ስለት ሥር የሾለከውን ሣር መልሰው አስገቡ።

«ጉሙ ሲገለጥ ቀትር አልፎ ነበር። ከነጮቹ በቀር የወደቀውን ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ቄሶቹ ሁሉንም አንድ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቀበሩ። ሰው ስለቱን ሊሻማ መጣ። ተዉ፣ እያንዳንዱ ቤት አለው፣ ፈላጊ ይመጣለታል ብዬ ሰበሰብሁት። አንዳንዱ መጣ፤ ሚስትም መጣች፣ ወንድምም መጣ፣ የራሱን እያወቀ ወሰደ። እነዚህ ፈላጊ ያልመጣላቸው ናቸው፤ ዳኛውም ዘመድ አልነበረውም። ባለቤቱ ሲመጣ ዝጎ ቢያገኘው ምን እለዋለሁ? ብዬ ክረምት በወጣ ቁጥር እቀባቸዋለሁ።»

«የጣልያኑንም?»

«የእሱስ እናት የለችም?» አሉ አያ ቢያዝን፣ ጥያቄው ገርሟቸው።

አላምረው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ አንዱን ስለት አነሣ፤ አገላብጦ አየው። «ይህ የሐማሴን ሥራ ነው፤ አስካሪ ነበር» አለ። ሌላ አነሣ። «ይህ የበለሳ ነው። ሠሪውን ዐውቀዋለሁ፤ እንዲህ የሚያጎብጠው እሱ ብቻ ነው።» ሌላ አነሣ። የጣልያኑ ጩቤ አፎት ላይ በሚስማር የተጫረ የፈረንጅ ስም አገኘ። አያ ቢያዝን ከተቀመጡበት ተነሥተው እግር በእግር ይከተሉት ጀመር፤ አንዱን ቶሎ ካለፈ እጁን ይዘው ይመልሱታል። ጥላው ዋሻውን እስኪሞላው ድረስ ሁለቱም ምግብ አላሰቡም።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ስቀባቸው» አሉ ሽማግሌው፣ «አገራቸውን እንኳ አላወቅሁም ነበር።»

አገሩ ከሁሉ ግልጽ የነበረው እጀታው ከጎሽ ቀንድ ተሠርቶ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ጩቤ ነው። አላምረው እንዲህ ያለ ጥምጥም በመተማው መንገድ ባለችው አይከል ገበያ ላይ አይቷል። አያ ቢያዝን ጩቤውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት። «ባለቤቱን ካላገኘህ መልሰው» አሉት።

አይከል ላይ ሽቦ ጠምጣሚው ሥራውን ወዲያው ዐወቀው። ለሽታዬ ባል የሠራሁት ነው ብሎ ቤቷን አሳየው። ሽታዬ ጠይም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። አላምረው ገና ጨርቁን ሲፈታ ዓይኗን ጨፈነች። ጩቤውን ተቀበለችና ሳታየው አውራ ጣቷን እጀታው ላይ፣ ቀንዱ ጠቁሮ የጎደጎደበት ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ምድጃ ዳር ረስቼው ነው የተቃጠለ» አለች። «ተቆጥቶኝ ነበር።»

«ስማቸው ማን ነበር፣ እትዬ?»

«ተክለ ጊዮርጊስ። ጣልያን ለመንገድ ሥራ ብሎ ወሰደው፤ ኋላ ጠመንጃ አስያዘው አሉ። የባንዳ ሚስት ተባልሁ። መርዶውን የሚነግረኝ ስላልመጣ አላለቀስሁም። ባለቅስስ ማን ይመጣልኛል?»

ያኔ አላምረው ዋሻውን፣ ጉሙን፣ አያ ቢያዝንን ነገራት። ሽታዬ አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ አነጠፈች፤ ጩቤውን መካከሉ ላይ አጋደመችና ወደ ደጅ ወጥታ ጮኸች። ጩኸቱ ዘመን ሙሉ ታፍኖ የኖረ ስለነበር መንደሩ ሁሉ ደነገጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። ወንዶቹ ግን አጥሩ ጋ ቆሙ።

በመጨረሻ ሐዲስ መጣ። የታወቀ አርበኛ ነው፤ ወንድሙን ባንዳ ገድሎበታል፤ ከጦርነቱ ወዲህ የሽታዬን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ወደ ቤት ገብቶ አልጋው ፊት ቆመ።

«ከየት ተገኘ?» ሲል አላምረውን ጠየቀው።

አላምረው እንደ ሰማው አድርጎ ነገረው፤ ከላይም ከታችም ሚካኤል ሲጠራ እንደነበር ነገረው። ሐዲስ ጎንበስ ብሎ የጠቆረውን እጀታ ዳሰሰ። ከዚያ የአርበኝነት ለምዱን ከትከሻው አወረደና ጩቤው ላይ ደረበው።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ አጥሩ ጋ ወደ ቆሙት ዞሮ። «ሰው ሞቷል፤ አልቅሱ እንጂ!»

አላምረው ጥግ ይዞ ቆመ። ወንዶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲገቡ፣ ሽታዬ ሐዲስን ተደግፋ ስታለቅስ አየ። ስለት የሰውን ሥጋ እንደሚከፍት ያውቃል፤ ይህን ሊያደርግ እንደሚችል ግን አያውቅም ነበር።

ሲሰናበት ሽታዬ በር ድረስ ሸኘችው። «ክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው» አለችው። «ለቄሶቹ ንገርልኝ።»

እሑድ ማለዳ አላምረው ከአያ ቢያዝን ጋር ጫማውን አውልቆ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆሞ ነበር። ቄሱ ዕጣን እያጠኑ፣ በስም የማይታወቁት ሁሉ በአንድነት ከተቀበሩበት አፈር ፊት ደረሱ። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት» አሉ፤ አቤቱ፣ የባሪያህን የወልደ ሰንበትን ነፍስ አሳርፍ ሲሉ።

አያ ቢያዝን ሙሉ እጃቸውን በዱሹ እጃቸው ላይ ደርበው መሬት ላይ ተደፉ። አላምረውም አጠገባቸው ተንበረከከ፤ የሐማሴኑንና የበለሳውን ስለት በልቡ እያሰበ፣ ቀጥሎ ወዴት መንዳት እንዳለበት እያሰላ።