ገብሱን ማን ዘራው?

ባሌ ደምሌ በግንቦት ከሰርግ ስንመለስ ከበቅሎ ወደቀና ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ከኋላው በእግሬ እየተከተልኩ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ በቅሎዋ ቆማ ሣር ትግጥ ነበር። እሱ ግን ለጠያቂው ሁሉ «ጅብ አይታ ደነበረችብኝ» ይላል። ንፋስ መውጫ ከተማ ሆስፒታል የተነሣውን ራጅም በበሩ ብርሃን ዘርግቶ ስብራቱን በጣቱ እየተከተለ ያሳያል።

ወጌሻው አስሮት ቀኝ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለትና «እስከ ሐምሌ እንዳትነካው» አለው። ከዚያ ወዲህ የማለብሰውም የማጥበውም እኔ ሆንኩ። ልብሱን ስቀይርለት «ቀስ! ገና አልገጠመም!» ይጮኻል። ምግብ ሲቀርብ ግን ግራ እጁ ከድሮው ቀኝ እጁ ይፈጥናል።

የሰኔ ገብስ ደግሞ አጥንት እስኪገጥም አይጠብቅም። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ አረሰልን፤ ችግሩ ዘሩ ላይ መጣ። ደምሌ በዘር እጁ የታወቀ ነው፤ እሱ በበተነው ማሳ ባዶ ቦታ አይገኝም ይባላል። ጎረቤታችን ጌታነህ «እኔ ልዝራልህ» ቢለው ፊቱ ጠቆረ። ደቦው ምሳ ሊበላ ሲገባ በግራው ሞከረ፤ ዘሩ ለዶሮ እንደተጣለ ጥሬ አንድ ቦታ ተከመረ። ማንም ሳያይ ዘሩን ከነቁናው አስታቀፈኝ።

«እኔ?» አልኩት። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች እንጂ ዘር አትበትንም።

«አንድ ሥጋ አይደለን? አንቺ ብትዘሪው እኔ እንደዘራሁት ነው» አለኝ።

ሃያ ዓመት ከኋላው ጓል እየከሰከስኩ ሲዘራ አይቼዋለሁ፤ ዘራሁት። እሱ ዳር ቆሞ «እጅሽን ፈታ! ፈታ አድርጊው!» እያለ ጮኸ። ሰዎቹ ሲመለሱ ባዶውን ቁና ታቅፎ ጠበቃቸው። የጠየቀውም የለም፤ ዘሩን አፈር አለበሱልን።

ገብሱ በቀለ፤ አቤት አበቃቀል! ደምሌ በየጠዋቱ ባዶ ቦታ ፍለጋ ይዞራል፤ አላገኘም። አላፊ አግዳሚው «በስብራትህ እንኳ! እጅህ ይባረክ!» ሲለው «አሜን» ይላል። አሜን ሲል እኔን አያየኝም። ከፋኝ። አንድ ጊዜ ስሜን ጠርቶ «ማሬ ናት» እንዲል ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«አንድ ሥጋ ከሆንን ምርቃቱ ምነው ለአንዱ ብቻ?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ትከሻዬን!» ብሎ ተጋደመ።

ሐምሌ ገባ፤ ነጠላው ተፈታ። በማግሥቱ የንስሐ አባታችን አባ ወልደማርያም ማሳው ድረስ መጡ።

«ደምሌ፣ ስንዴዬን ዝራልኝ። በአንድ እጅህ እንዲህ ያደረግህ በሁለቱማ ምን ልትሠራ ነው!»

«አባቴ፣ ትከሻዬ ገና . . .»

«ከተፈታህ ምን ቀረህ?»

ደምሌ መሬት መሬት አየ። በንስሐ አባት ፊት መዋሸት ቀላል አይደለም። «አባቴ፣ የዘራችው ማሬ ናት» አለ። «እኔ ዳር ቆሜ ጮኽኩባት እንጂ አንድ ፍሬ አልጣልኩም።»

አባ ዞር ብለው ቡቃያውን አዩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ማሬ፣ ልጄ፣ ረቡዕ ይመችሻል?» አሉኝ።

ደስታዬ አላስችል ብሎኝ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ይመቻታል» አለ ደምሌ። «ብቻ ዳር ቆመው እንዳይጮኹባት፤ ቁጡ ናት።»